ላፕቶፔ እስኪነሳ ቡና ይፈላል፤ ራም ልጨምር ወይስ ኤስኤስዲ ልግዛ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ላፕቶፔ ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430 ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5፣ ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። የገዛሁት ያገለገለ ነው፤ አምስት ዓመት አብረን ኖረናል። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ለጥቂት ትንንሽ ሱቆች በፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም መዝገብ እይዛለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኢሜይልና ዩቲዩብ አያለሁ። ከዚህ የዘለለ አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ሰኞ ሰዓት ያዝኩበት። ዴስክቶፑ እስኪመጣ አራት ደቂቃ ተኩል፣ ማውሱ እሺ ብሎ እስኪታዘዘኝ ሰባት ደቂቃ። ጀበናውን ጥጄ ስመለስ ገና እየተሽከረከረ አገኘዋለሁ። ፒችትሪን ስከፍት ደግሞ ስታክ ያደርጋል። ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደረግኩት፤ ሁለት ቀን የተሻለው ይመስለኝና ይመለስበታል። ፊልሞቹን አጠፋሁ። ዴስክቶፑን ባዶ አደረግኩት። ወንድሜ ጣለው ይለኛል። ገንዘቤ የሚበቃው ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ራም (ኮምፒውተሩ ለጊዜው የሚሠራበትን የሚይዝበት) ወይስ ኤስኤስዲ (ሃርድ ዲስኩን የሚተካ ፈጣን ማከማቻ)?

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ሲያነብ እንዳይውል የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እያሳጠርኩ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ።)

1ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ኤስኤስዲ ግዛ፣ ሌላው ወሬ ነው የሚል። ሲጀምር ወንድሜ አለኝ። እህት መሆኔን ልነግረው ስል 2ኛው ቀድሞኝ ገባ።

2ኛው በቶሺባው የሆነውን ተረከ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የያዛት ናት። ኤስኤስዲ ካስገባላት ወዲህ ለመነሳት ግማሽ ደቂቃም አትፈጅም። እናቱ ሳይቀሩ አዲስ ገዛህ ወይ ብለው ጠይቀውታል።

3ኛው በጨዋ ደንብ ተቃወመ። ዊንዶውስ 10 ገና ምንም ሳይከፈትበት ከ4 ጊጋው ግማሽ ያህሉን ይይዛል፤ ክሮም ከአምስት ስድስት ታብ ጋር ሲጨመርበት ራሙ ይሞላል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገፋና ሲፈልገው መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ ዲስኩን ያስጨነቀው የራም ማነስ ነው፤ ኤስኤስዲ መግዛት ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አያክምም ባይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሳምኖኝ ነበር።

4ኛዋ አስተማሪ ናት። ሦስቱም በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት በማዘዛቸው ገሠጸቻቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ኮምፒውተሩ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን እንድከፍት፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጬ እንዳመጣ አዘዘችኝ። የቤት ሥራ የተሰጠኝ ነው የመሰለኝ።

5ኛው የራሴ ነው። እንደተባልኩት ገለበጥኩ። ዲስክ 100 በመቶ። ራም 83 በመቶ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) 96 በመቶ፣ ፍጥነቱ 1.19 ጊጋኸርዝ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ 100ዋን አየና እሷ ላይ ተረባረበ። 1.19ን ዞር ብሎ ያያት የለም። እኔም አላየኋትም።

6ኛው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ እዚህ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። ረጅም ጽሑፍ ጻፉ፤ እኔ ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ግን ከሳቸው ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ፈጠን የሚለው ዓይነት በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። የተፈለገው ቦታ ከአንባቢው ክንድ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ አራት ሚሊ ሰከንድ። ክንዱ ራሱ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ደግሞ አሥር ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨምራል። ተደምሮ ሲታይ፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲጠየቅ ዲስኩ በሰከንድ ሰባ ሰማንያ ጊዜ ቢያመጣ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠይቀው ግን በብዙ ሺህ ነው። ጋሼ ነገሩን በቀበሌ መዝገብ ቤት መሰሉት። አንድ ሠራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል፣ እስከ መደርደሪያው ሄዶ መመለስ። ኤስኤስዲ ሲገባ ፋይሉ ሁሉ እጁ ሥር ይሆናል፤ የሚዞርም የሚራመድም ነገር የለውም። ለዚህ ነው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በሰከንድ 500 ሜጋባይት የሚለውን ብዙም እንዳላይ የመከሩኝ። ጥቅሙ የመመላለሱ መቅረት ስለሆነ፣ መሰኪያው የድሮው ሳታ 2 የሆነ ላፕቶፕም ቢሆን ልዩነቱ ይታወቀዋል። ወንድሜ ያላሉኝም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በምን እንዳወቁ እንጃ።

7ኛው ጋሼን አመስግኖ ስለ ገበያው አስጠነቀቀ። ተለጣፊው 480 ጊጋ የሚል፣ ውስጡ ግን የዚያን ሩብ የማይዝ ኤስኤስዲ ገዝቶ ያውቃል። ዊንዶውስም የተለጣፊውን ያህል ያሳያል፤ ሲሞላ ነው የገባው ፋይል የሚበላሸው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ዕቃው እስከ አፉ ተሞልቶ መልሶ እንዲነበብ መከረ። ይህንኑ የሚሠራ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሻጩ አይሆንም ካለ ዕቃውን ትቶ መሄድ ነው።

8ኛው ስለ አቧራ ነው። ማራገቢያው ከታፈነ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ አለ፤ አለቀ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው ለእውነቱ በጣም ተጠግቶ ነበር።

9ኛው የራም ወገን ሆኖ ቢገባም የራሱ ታሪክ ተቃውሞበታል። 8 ጊጋ አስገብቶ ኮምፒውተሩ 3.4 ብቻ አሳየው። ሻጩ ጋ ሄዶ ተጣልቶ መጣ። 10ኛዋ አስተማሪያችን የጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ይሆን ወይ ስትል ጠየቀችው። ነበር። ባለ 32 ቢቱ ተራ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያም ላይ ለሌሎች ክፍሎች ይቆረጥበታል። ሰውዬው ሻጩን ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ አልነገረንም።

በ11ኛው የሊኑክሱ ልጅ መጣ። ከመጀመሪያውም ለስለስ አላለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለ ኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ የኔ 3ኛ ነው። ስለዚህ ስለ ራምና ኤስኤስዲ መከራከር የሞተን ሰው ፀጉር ማበጠር ነው አለ። በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት፣ ቀለል ባለው በኤክስኤፍሲኢ መልኩ ይጫን፣ በነፃ ነው፣ አለቀ ደቀቀ።

12ኛው የኔ ነው፤ ፒችትሪስ አልኩ። 13ኛው፣ ያው ልጅ፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው፣ ዋይን በሚባለው አሠሪው አለኝ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ታግሎ ሊኑክስ ላይ ፒችትሪን ሊያስነሳ ሞክሮ ያቃተው ሌላ ሰው በ14ኛው እንዳታስበው አለኝ። የባሰ ነገር የመጣው ከአንድ የጽሕፈት ሥራ ከሚሠራ ሰው ነው። በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፉት የአሥር ዓመት ደብዳቤዎቹ ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ ቅራቅንቦ ምልክት ሆኑበት። የሊኑክሱ ልጅ ፎንቱን ገልብጦ ቢጭነው ፊደሉ እንደሚመለስ፣ በዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ በሚነበበው አጻጻፍ) ለመጻፍም አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ውስጥ አማርኛ እንዳለ መለሰለት። መልሱ ትክክል ነበር። ፋራ የምትለዋን ቃል ባይጨምርባት ኖሮ ሰውዬውም ይቀበለው ነበር። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ዘልዬዋለሁ። ጋሼ ናቸው ገብተው ሁለቱንም ያበረዱት፤ አንዱን ልጄ፣ ሌላውን አንተ ጎበዝ እያሉ።

16ኛው ከርእሱ ወጣ፤ ግን ጠቃሚ ነው። ላፕቶፑን ያዘገየው ቫይረስ ቢሆንስ አለ። ያቺ ፕሪንት ቤት ፍላሽ ስንሰካ የምትለጠፍብን፣ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የምታደርገው። 17ኛዋ ልጅ በዚህች የመመረቂያ ጽሑፏን አጥታለች። ፍላሿ ውስጥ ሾርትከት ብቻ ስታይ ሁሉም ጠፋ ብላ ፎርማት አደረገችው። ፋይሎቹ ግን ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አልነበረም፤ የተደበቀን ፋይል በሚገልጠው በአትሪብ ትእዛዝ በአንድ ደቂቃ ይመለሱ ነበር። ይህን የነገሯት ከሳምንት በኋላ ነው። ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ጻፈችው።

18ኛው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለአሥራ ሦስት ዓመት ዕቃ ይህን ያህል መድከም ለምን፣ አዲስ ብትገዛ አይሻልም ወይ አለ። ክፋት አልነበረበትም መሰለኝ። 19ኛው ግን አልማረውም። በዶላር የሚከፈል ሰው በብር ስለሚኖር ሰው ባይመክር ጥሩ እንደሆነ፣ አዲስ ላፕቶፕ እዚህ የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ ቢጠይቅ እንደሚሻል በሾርኔ ሳይሆን በግልጽ ጻፈለት። የሲልቨር ስፕሪንጉ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኤስኤስዲ በሰው እልክልሻለሁም አለኝ። አመስግኜ አልተቀበልኩም። የማላውቀው ሰው ዕቃ እንዲልክልኝ አልፈልግም። ኩራትም ሊሆን ይችላል።

21ኛው ሲገባ ክሩ ሊሞት ደርሶ ነበር። መገናኛ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው ነው፤ ብዙ አይጽፍም። ወደ 5ኛው መልስ ተመለሰ። የኔ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ 96 በመቶ ሥራ እያለበት 1.19 ላይ ምን አስቀመጠው ሲል ጠየቀ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ። ሲነሳ ጥቁር ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አሳይቶ ቁልፍ ተጫኚ ይልሻል ወይ? ቻርጀሩስ ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ነው ወይ?

22ኛውን ስጽፍ አፍሬ ነው። አዎ፣ ይላል። ስምንት ወር ሙሉ ይላል። የባትሪ ነገር መስሎኝ ሳላነብ እየተጫንኩ አልፈው ነበር። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል። ቻርጀሩ ደግሞ አዎ፣ ተቀይሯል። የመጀመሪያው መብራት ተመላልሶ ሲመጣ ተቃጠለና በምትኩ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት፣ 90 ዋት ይላል፤ ልክ እንደ ድሮው።

23ኛው መልስ የክሩ ልብ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዴል ቻርጀር ጫፍ መሀል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዙሪያዋ ነው፤ መርፌዋ ወሬ አቀባይ ናት። ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ እኔ ይህን ያህል ዋት ነኝ ብላ ለላፕቶፑ የምትነግረው በሷ በኩል ነው። ቺፗ ከሌለች፣ መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቀጭኗ ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ከተበጠሰች ላፕቶፑ የሰካሁትን ዕቃ አያውቀውም። ስለማያውቀውም ይጠነቀቃል። ባትሪ አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩንም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያወርደዋል። የኔ ዝቅተኛው 1.2 ነው። ያ ያላነበብኩት ማስታወቂያ ይህንኑ ሲነግረኝ ነው የከረመው፤ የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም፣ ፍጥነቱን ባለው ኃይል ልክ አስተካክላለሁ እያለ። ጠጋኙ ምንም ነገር ሳልገዛ በፊት ከሰው ቻርጀር እንድዋስ ነገረኝ።

ተዋስኩ። ጎረቤት ቢሮ የሚሠራ ልጅ እንደኔው ዴል አለው። ሰካሁት፣ ከፈትኩት፣ ማስታወቂያው አልመጣም። ታስክ ማናጀር ላይ 2.9፣ 3.1፣ እንደገና 2.9 እያለ ይዘላል። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ብቻ ሳይ ቆየሁ። ሰባት ደቂቃው ሦስት ሆነ። በ24ኛው ይህን ስጽፍ የደስታ ምልክት ጎረፈልኝ። ባትሪው ግን አልተረፈም፤ ስምንት ወር ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ መመለሱ አስቸጋሪ እንደሆነ ጠጋኙ ነግሮኛል።

25ኛው፣ የመጀመሪያው የአንድ መስመር ሰው፣ ሦስት ደቂቃም ቢሆን ብዙ እንደሆነ አስታወሰን። አሁንም ወንድሜ ነው የሚለኝ። ልክ ነበር፤ ዲስኩ 100 ላይ እንደቆመ ነው። አስተማሪዋ በ26ኛው ሌላ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጄ የዲስኩን ጤና እንዳይ። ቢጫ ሆኖ መጣ። ጥንቃቄ ይላል፤ የተበላሹ ቦታዎች በመጠባበቂያ እየተተኩ ነበር። ጋሼ ወዲያው ጻፉ፤ በዚህ ክር የተቆጡት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቆይቶ የፒችትሪው መዝገብ ያን ማታውኑ ሁለት ቦታ እንዲገለበጥ አዘዙኝ። አንዱም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ እንዳይቀመጥ። አደረግኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ ቻርጀር፣ ከዚያ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃው ገንዘቤ ለሁለት ተብቃቃ፤ እቁቤ ባይደርሰኝ አይሆንም ነበር። 7ኛው እንዳለው ሻጩ ፊት ሞልቼ አስነበብኩት። ተነጫነጨ፣ ግን ፈቀደ። ቤት ወንድሜ ላፕቶፑን ገለበጠውና ሆዱ ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈታ። ዲስኩ ጥቁር መያዣው ውስጥ እንዳለ በጎን በኩል ተስቦ ወጣ፤ እንደ መሳቢያ። መያዣውን አውልቀን ለአዲሱ አለበስነው፣ መልሰን ገፋነው። አንዷ ብሎን ተንከባላ ቁም ሳጥን ሥር ገባችብንና ከጠቅላላው ሥራ ያስቸገረን እሷን መፈለግ ነው። ዊንዶውሱን ከፍላሽ አዲስ ጫንን፤ ባለ 64 ቢቱን። አሁን በሃያ አራት ሰከንድ ይነሳል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼ ለካሁት።

28ኛው፣ የራሙ ሰው፣ ተሸነፍኩ አላለም። ራሜ አሁንም 80 በመቶ ላይ እንደሆነ ገምቶ ጠየቀኝ፤ ልክ ነው። ባዶ ቦታ ካለሽ ሌላ ባለ 4 ጊጋ ጨምሪ አለ። ጠጋኙም አልተቃወመውም፤ ብቻ ገበያ ላይ ባለ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ራም እና ባለ 1.35 ቮልቱ ዲዲአር3ኤል ተደባልቀው እንደሚሸጡ አስጠነቀቀ። የኔ 3ኛ ጄኔሬሽን ሁለቱንም ይቀበላል። 4ኛ ጄኔሬሽን ያላችሁ ግን ዝቅተኛውን ቮልት እንጂ ሌላውን አትግዙ። የሚቀጥለው ወር ይሁን ብያለሁ።

29ኛው ቻርጀሩን የሸጠልኝን ሱቅ ስም እንዳወጣ ጎተጎተኝ። አላወጣሁም። ሰውዬው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እሱም ከካርቶን አውጥቶ ነው የሰጠኝ። 30ኛው በዚህ ተናዶ እንደኔ ያለው ዝምታ ነው ሌላውን ሰው የሚያስበላው አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

31ኛው የሊኑክሱ ልጅ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። በዚያ ቻርጀር ሊኑክስም ቢጫን ኖሮ እንደሚንቀራፈፍ አመነ፤ ለሱ ይህን ማመን ቀላል አልነበረም። ሐሳቡን ግን አልተወም። ዊንዶውስ 10 የደህንነት ማሻሻያ እንደ ድሮው ስለማያገኝ ፒችትሪው ዊንዶውሱ ላይ ኢንተርኔት ሳይነካው ይቀመጥ፣ ለኢሜይልና ለዩቲዩብ ሚንት በጎን ይጫን አለኝ። ፍላሽ ይዤ መጥቼ በነፃ እጭንልሻለሁም ብሏል፤ እህት መሆኔን መጨረሻ ላይ አንብቦ ደርሶበታል። እያሰብኩበት ነው። እስከ ሐሙስ የሁለት ሱቅ ሂሳብ መዝጋት አለብኝ፤ ከዚያ እመልስለታለሁ።